ከጥጃው ፎቶ ሥር

ፎቶ አንሺዋ አሶሳ ስትደርስ ሆቴል የት ይሻላል፣ ምግብ የት ይጣፍጣል አላለችም። ባህልና ቱሪዝም ቢሮአችን ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «በዚህ ሰሞን ምን ምን ወልዷል?» ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሾፌራችን ቀበል አድርጎ «የእኔ ሚስት» አላት። እሷ ግን ከምሯ ነበር። አንድ የጉዞ ድርጅት ለአዲስ ዓመት የሚያሳትመው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አለ። ለእሱ የሚሆኑ የእንስሳት እናቶችን ከነልጆቻቸው እያነሳች አገሩን ስትዞር ከርማ በመጨረሻ ወደ እኛ መጣች። መንገድ የሚያሳያት፣ ከየፎቶው ሥርም ሁለት ሦስት መስመር የሚጽፍላት ሰው ሲፈለግ አለቃዬ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

«እሷ ትሂድ። ከመጽሐፍ ሌላ ጓደኛ የላትም፤ ትንሽ ፀሐይ ይንካት።»

ቅር አላለኝም። ከፎቶ ሥር የሚጻፍ ነገር እወዳለሁ። አጭር ስለሆነ መደበቂያ የለውም፤ የጻፍሽው ነገር ትክክል መሆን አለመሆኑን አንባቢው ቀና ብሎ ሥዕሉን በማየት ብቻ ያረጋግጣል።

መጀመሪያ ቀን ተጣላን፣ መጣላት ከተባለ። እሷ ሁሉንም «ቤቢ» ነው የምትለው። የአህያ ቤቢ፣ የዶሮ ቤቢ።

«ውርንጭላ» አልኳት።

«እሺ፣ ውርንጭላ።»

«የዶሮዋ ጫጩት ነው። የፍየሏ ግልገል።»

«የዝንጀሮስ፣ እትዬ?»

«ግልገል።»

«ከፍየሉ ጋር አንድ ነው እንዴ? ዝንጀሮዋ ቅር አይላትም?»

«እሱን ከእሷ ጋር ተነጋገሪ።»

ሾፌሩ መሪውን ይዞ ተንፈቀፈቀ። ከዚያ በኋላ ተስማማን። ልጅቷ ሥራዋን እንደምታውቅ ያየሁት ሆሞሻ ላይ ነው። አንዲት ፍየል ማንጎ ዛፍ ሥር ግልገሏን ታጠባለች። ፎቶ አንሺዋ አፈሩ ላይ በሆዷ ተኛችና በክርኗ እየተሳበች ተጠጋች። ልጅ ከላይ ወደ ታች ሲነሳ ትንሽ ነገር ይመስላል ትላለች፤ ከእሱ ቁመት ሆነሽ ካየሽ ግን እናቱ ተራራ ታክላለች። ልብሷ ቀይ አፈር ሆኖ ዋለ።

የፍየሏ ባለቤት አንዲት የበርታ ሴት ነበረች፤ ከደጇ ቆማ ታየናለች። የእኔ በርታኛ ከገበያ ሰላምታ ስለማያልፍ፣ ሰላም አለይኩም ከተባባልን በኋላ እሷው በአማርኛ ቀጠለች።

«ይሄ ልጅ ታሟል?»

«ኧረ ደህና ናት።»

«ለምን መሬት ተኛ?»

«ፍየሏን ፎቶ እያነሳች ነው።»

«ወላሂ!» አለችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ፍየል ፎቶ ምን ያደርጋል? ቆንጆ ሰው እዚህ ቆሟል፣ እሱ ፍየል ያነሳል!»

ፎቶ አንሺዋ ከተኛችበት ሆና በሳቅ ፈረሰች። ተነሳችና ሴትዮዋን አነሳቻት፤ ሻሿን አስተካክላ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። ከዚያ ሴትዮዋ ፍየሏንና ግልገሉንም አብራ አቀፈቻቸውና «አሁን ሁሉም እናት ነው» አለች። ከጉዞው ሁሉ እኔ የምወደው ፎቶ እሱ ነው። ለቀን መቁጠሪያው ግን ሰው ያለበት አይፈለግም ተባለ።

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ስንወርድ የዝንጀሮ መንጋ መንገዱን ሲሻገር አገኘን። ሾፌሩ መኪናውን አቆመ። አንዲት እናት ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርታ ግልገሏን ከሆዷ ሥር አንጠልጥላ ታዘግማለች። አላቀፈችውም፤ አራቱም እግሮቿ ለመሄጃ ነው የተያዙት። ግልገሉ ራሱ ነው ጸጉሯን በሁለት እጁ የጨበጠው። ፎቶ አንሺዋ በመስኮት ተንጠልጥላ ስታነሳ እኔ የምመለከተው ያንን የጨበጠ እጅ ነበር። ያን ቀን በወረቀቴ ላይ ምንም አልጻፍኩም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም።

ከሕፃንነቴ የቀረልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እጄ የነጠላ ጫፍ ይዟል። ነጠላው ነጭ አይደለም፣ አቧራ ጠጥቷል። የለበሰችው ሴት ፊት የለኝም። ከዚያ በኋላ ያለው እጅ ባዶ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ወደዚህ ከመጡት ሰፋሪዎች ጋር ነው የመጣሁት። ያሳደገችኝ እናቴ መጠለያው ውስጥ አንዲቷን ሴት ልጇን ቀብራ በዚያው ሰሞን እኔን አገኘችኝ። የምጠራበት ስም የዚያች የሞተች ልጅ ስም ነው።

ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም። ባምባሲ አጠገብ ያለው የሰፈራ መንደራችን ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። ልጅ ሳለሁ ወንፊት ልዋስ ከሄድኩበት ቤት፣ ሁለት ሴቶች ከግድግዳው ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። «እሷ ብትኖር እኩያዋ ነበረች፤ ስሙን እንኳ አልቀየረችውም እኮ» አለች አንደኛዋ። ወንፊቱን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ሲዳሩ ነው። በጉልበቴ ልክ ካሉ ልጆች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቄ። መምህሩ መጀመሪያ ያስጻፈን የየራሳችንን ስም ነበር። አሳምሬ ጻፍኩ፤ ሆሄዎቹ መስመሩን አልነኩም። ቤት ወስጄ ለእናቴ አሳየኋት። ማንበብ አትችልም።

«ምን ይላል?» አለች።

ስሜን ነገርኳት። በአመልካች ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው። ከዚያ ደብተሩን ዘግታ «በርበሬ እንዳይነካው» ብላ ከፍ ካለ ቦታ ሰቀለችልኝ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት ማን እባል እንደነበር። እናቴ ታውቃለች ብዬ አምን ነበር። አፏን የፈታች ልጅ ስሟን ትናገራለች፤ ያን ጊዜ ጠይቃኝ፣ እኔም መልሼላት ይሆናል እያልኩ። እንደዚያ ከሆነ ያንን ስም የያዘ በዓለም ላይ የቀረ ሰው እሷ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ እያረጀች ነው። የጎረቤት ስም ይጠፋባታል፤ ምድጃው ላይ የጣደችውን ትረሳለች። በየበዓሉ ዛሬስ እጠይቃታለሁ ብዬ እሄዳለሁ፤ ስሜን ጠርታ ስትቀበለኝ ግን አፌ ይያዛል። ሳልጠይቅ በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ተመርቄ እመለሳለሁ።

ስለዚህ ፎቶ አንሺዋ «አሁን የቀረኝ ላም ከቤቢ ጋር፣ ይቅርታ፣ ከጥጃ ጋር ነው» ስትል፣ «የእናቴ ላም በክረምቱ መውጫ ወልዳለች» ያልኩት ለእሷ ብቻ ብዬ አልነበረም። እንግዳ ይዤ ብገባ ወሬው ይፈታታል ብዬ አስቤ ነበር። ጥጃውን በስልክ ነግራኛለች፤ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ቦቃ።

እናቴ ደጅ ላይ ማሽላ ስታበጥር ደረስን። አገላብጣ ስማኝ፣ ሾፌሩን ጠጋ በል ብላ፣ እንግዳዋን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ይቺ ልጅ ምን ነካት? አፈር ውስጥ ነው እንዴ ያደረችው?»

«ሥራዋ ነው፣ እማ።»

«ምን ያለ ሥራ ነው ሰውን የሚያንከባልል!»

ልጅቷ ግን ገና ሰላምታው ሳያልቅ ከጓሮ የላሟን ድምፅ ሰምታ ካሜራዋን ይዛ ሄዳለች። እኛ የዘመድ ወዳጁን ደህንነት ስንጠያየቅ ቆይታ ስትመለስ ፊቷ በርቷል።

«እትዬ፣ አገኘሁት! የዓመቱን ሁሉ ነው ያገኘሁት፤ ይሄ ሽፋኑ ላይ ነው የሚሆነው!»

በካሜራው መስኮት አሳየችኝ። በቀርከሃው አጥር ክፍተት፣ መሬት ላይ ተኝታ ያነሳችው ነው። ላሟ አንገቷን አስግጋ ጥጃዋን ትልሳለች። ከጥጃው የሚታየው ጀርባው፣ አንገቱና ቦቃ ግንባሩ ነው። የቀረውን ቀርከሃው ጋርዶታል። ፀሐይዋ ከጎን ገብታ የላሟን ምላስ ጠርዝ ታበራዋለች። ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል። እውነትም የሚያምር ነገር ነው።

«አሁን የሚቀጥለውን እዪ» አለችና አሳለፈችው። ደግሞ አሳለፈችው። በመጀመሪያው ላይ ምላሷ አንገቱ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ግንባሩ ላይ፤ በሦስተኛው ጆሮውን ገልብጣዋለች። ጆሮው እንደተገለበጠ ቀርቷል። በአራተኛውም እንደዚያው። በሕይወት ያለ ጥጃ ጆሮው ሲላስ ያራግፋል። አንዱን ፎቶ ብቻ ባይ ኖሮ አላውቅም ነበር። ቀና ብዬ እናቴን አየኋት።

«እማ፣ ጥጃው ሞተ እንዴ?»

እናቴ ለእንግዳዋ ወተት እየቀዳች ነበር። «ያ የዝንብ በሽታ፣ ገንዲ ነው የጨረሰው» አለች፣ ጽዋውን እያቀበለች። «ያንቺ ጭንቀት አይበቃሽም ብዬ በስልክ አልነገርኩሽም። ጠጪ ልጄ፣ አሁን የታለበ ነው።»

ፎቶ አንሺዋ ጽዋውን ይዛ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች። «የቱ ጥጃ ነው የሞተው? ይሄ አለ አይደል?» ካሜራዋን ወደ እናቴ አዞረች።

እናቴ ዓይኗን አጥብባ አየችና ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ውይ የኔ ዓለም፣ እሱ እኮ ገለባ ነው!»

ልጅቷ አልገባትም። አስረዳናት። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ትይዛለች፤ ጡቷ ሞልቶ እያበጠ እንኳ አትሰጥም። ስለዚህ የጥጃው ቆዳ ይገፈፋል፣ ገለባ ይሞላል፣ በእንጨት ይቆምና አጠገቧ ይደረጋል። ጨው ይታሽበታል። እሷ እሱን ስትልስ አላቢው ከሥር ያልባል። ፎቶ አንሺዋ የጠጣችው ወተት ከንፈሯ ላይ ነጭ መስመር እንደሠራ የካሜራውን መስኮት ደግማ አየች።

«ታዲያ ሳላውቅ ውሸት ነው ያነሳሁት ማለት ነው» አለች በመጨረሻ።

«ምኑ ነው ውሸቱ?» አለች እናቴ። «ምላሷ ውሸት ነው? ወተቱ ውሸት ነው? ጠጣሽው እኮ!»

«ላሟስ? ላሟ ታውቃለች?»

«ሂጂ ጠይቂያት። ለእኔ ነግራኝ አታውቅም።»

ሾፌሩ ሳቀ፤ ልጅቷም ትንሽ ቆይታ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ምን ብለው ይጽፉታል?»

«ያለውን ነዋ። ላሟ የምትልሰው የሞተ ጥጃዋን ቆዳ ነው፤ በገለባ ተሞልቷል።»

«እንደዚያ ከተጻፈ ማን ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል?»

«እንደዚያ ካልተጻፈ እኔ አልጽፈውም።»

ተያየን። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ሥራዬን እንደምታከብርልኝ ሁሉ እኔም የእሷን አከብራለሁ። የቀን መቁጠሪያው ሲወጣ ያ ፎቶ አልነበረበትም፤ በቦታው የሌላ አገር በግ ገብቶ ነበር። ያን ዕለት ግን ገና አልወሰነችም። «ቢያንስ ሁለቱንም ነገር የሚያሳይ አንድ ልሞክር፤ እንጨቱም ይታይ» ብላ አጥሩን እንዲይዝላት ሾፌሩን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን።

ማሽላዋን ማበጠር ጀመረች። እንክርዳዱን እየለቀመች፣ ሰፌዱን ወዲያ ወዲህ እያደረገች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከሰፌዱ ጠጠር አወጣሁ። ከጓሮ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ!» የሚል የልጅቷ ድምፅ ይመጣል። እንዲህ አጠገቧ ስሠራ ፊቷን ስለማላይ ነው መሰለኝ አፌ የታዘዘልኝ።

«እማ፣ መጀመሪያ ማን ነበር ስሜ?»

ሰፌዱ ቆመ። ማሽላው ተንሸራትቶ ከአንድ ጥግ ተከመረ። የትኛው መጀመሪያ አላለችኝም፤ ምን ማለትሽ ነው አላለችኝም።

«አላውቀውም» አለች።

«ረስተሽው ነው?»

«ምን እረሳለሁ፤ ሰምቼው አላውቅም። ጠይቄሽማ ነበር፣ ስንቴ። ማነው ስምሽ፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ከየት ነሽ። ዝም። መዝጋቢው መጥቶ ጠየቀሽ፤ ዝም። ዲዳ ናት አሉሽ። አንድ እጅሽን እንዲህ ጨብጠሽ ትቀመጫለሽ፤ ብንፈታው ውስጡ ምንም የለም።»

ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ያን ሰሞን እብድ ነበርኩ። ልጄን ቀብሬያለሁ፤ አፌ ግን አልሰማም። ውሃ ሊታደል ሲል ሳላስበው በስሟ እጣራለሁ። ሰው አንገቱን ይደፋል፤ እኔም ትዝ ሲለኝ አፌን እይዛለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ጣሳ ይዤ ተጣራሁ። አንቺ ከዚያ ማዶ፣ ከሰው እግር መሃል ተነስተሽ መጣሽ። መጣሽና ጣሳውን በሁለት እጅሽ ያዝሽ።»

«እኔን አልነበረም የጠራሽው።»

«አንቺን አልነበረም።» ወደ ጓሮው አየች። «ምን ልበልሽ? ሂጂ፣ አንቺን አይደለም ልበልሽ? ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ብጠራሽ ትመጫለሽ አትመጪም፣ ምን አውቄ። ፈራሁ። በዚያው ቀረ።»

ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። ተቀምጦ የቆየልኝ ነገር ያለ፣ ጠይቄ የምቀበለው ይመስለኝ ነበር። ከፊቴ ያለችው ግን ከእኔ የበለጠ የማታውቅ አሮጊት ናት። ስሙን የሰጠችኝ እሷ ነች ብዬ ኖሬአለሁ፤ ለካ ሰተት ብዬ የገባሁበት እኔ ነኝ።

«መቼ ትጠይቀኛለች እያልኩ ስፈራ ነው የኖርኩት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ለምን ትፈሪያለሽ?»

«የምሰጥሽ የለኝማ። ባዶ እጄን ነኝ። አንዱን ስም ፈጥሬ ይሄ ነበር ልበላትና ደስ ይበላት ብዬም አስቤ አውቃለሁ።»

«ለምን አላልሽም?»

«አንቺን! አንቺ እንዲህ ነገር የምታጣሪ፣ የማን ስም ነው፣ ማን ነገረሽ፣ በየት በኩል ብለሽ ልታፋጥጪኝ?» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ስንስቅ የሁለታችንም ዓይን እርጥብ ነበር። ሰፌዱን አንስታ እንደገና ማበጠር ጀመረች።

ልጅቷ ከጓሮ ተመለሰች። ጉልበቷ ላይ እበት፣ ፀጉሯ ላይ ገለባ። «እንጨቱ ሲታይ ላሟ አስፈሪ ሆነችብኝ» አለች። «ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ያነሳሁት ነው የሚሻለው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።» እናቴ ከፀጉሯ ላይ ገለባውን ለቀመችላት።

ወደ አሶሳ ስንመለስ ፎቶ አንሺዋ የካሜራ ቦርሳዋን አቅፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ስም ማስታወስ ጀመርኩ። በዚያ ዘመን የወሎ እናቶች ለሴት ልጆቻቸው የሚያወጧቸውን ስሞች። ሀብት የሚሉትን፣ ደስታ የሚሉትን፣ የአያት ስም የሆኑትን፣ በዕለቱ በዓል የወጡትን። ከመንደራችን ሴቶች የማውቃቸውን ጨረስኩና ከመጽሐፍ ያገኘኋቸውን ቀጠልኩ። እያንዳንዱን ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ፣ ሰው ከሩቅ እንደሚጠራ አድርጌ፣ የመጨረሻውን ፊደል ሳብ አድርጌ እጠራለሁ። ከዚያ እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ እግሬ ሳያመነታ ወደ ሌላ ሰው ስም ከሄደ፣ ወደ ራሱም መሄድ አያቅተውም ብዬ። አንዳንዱ ስም ያምራል። አንዳንዱ ከእኔ መልክ ጋር ይሄዳል። አንገቴን ያዞረው ግን አልነበረም።

ነጠላዋን የለቀቅኩባት ሴት ከዚያ ዘመን ተርፋ እንደሆነ አላውቅም። ተርፋ ከሆነ የእሷም አፍ እንደ እናቴ አፍ አልሰማ ብሎ ይሆናል። ውሃ ስትቀዳ፣ እህል ስታቀርብ፣ ሳታስበው ትጣራ ይሆናል፤ አጠገቧ ያሉት አንገታቸውን ደፍተው ያሳልፏት ይሆናል። ማን ብላ እንደምትጣራ ባውቅ፣ ከዚህ ሆኜም ዞር እል ነበር።